የማን ግራ?

«ቆይ! ቆይ! የተሳሳተው ጎን ላይ ነው ምልክት ያደረጋችሁት!»

የክፍል ልጆች «ክብሪት» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም። ቀዶ ሐኪሙ በአባቷ ግራ ጎን ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ቀስት ስሎ ገና ቀና ሳይል ነደደች። «ራጁን እዩት እንጂ! የኩላሊት ጠጠሩ በቀኝ ነው ያለው!» እውነትም፣ መብራት ላይ በተሰቀለው ፊልም ነጩ ነጥብ በስተቀኝ ቁጭ ብሏል።

«ኧረ ልጄ፣ ኩላሊቴ ሳይገድለኝ አንቺ በሐፍረት ልትገድዪኝ ነው?» አላት አባቷ ከአልጋው ላይ።

ሐኪሙ ግን አልተቆጣም። «ነይ፣ ፊት ለፊቴ ቁሚ። ግራ እጅሽን አንሺ። ለእኔ በየት በኩል ነው?»

«በ... ቀኝ።»

«ፊልሙም ፊት ለፊትሽ እንደቆመ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ግራ ማለት የበሽተኛው ግራ ነው፤ የሚያየው ሰው የትም ይቁም።» ፈገግ አለ። «ስለጠየቅሽ ግን አመሰግናለሁ። ሁሌም ጠይቂ።»

የክብሪት ፊት ጋለ። ትናንት በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ከዴስክ ጓደኛዋ ጋር ወረቀት ተለዋውጠው ሲተራረሙ፣ ጓደኛዋ የአራቱን የልብ ክፍሎች ግራና ቀኝ የጻፈችው ልክ እንደ ሐኪሙ ነበር። ክብሪት አራቱንም ኤክስ አደረገችባት። «የሰውየው ግራ እኮ ነው» ብትላት፣ «ዓይንሽን ግለጪ! ግራ ግራ ነው!» ብላ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ አፏን አስያዘቻት። ይባስ ብላ ጓደኛዋ በእሷ ወረቀት ላይ ያደረገቻቸውን አራት ኤክሶች ራይት አስደረገቻት። በዚያ ውጤት ክብሪት ለትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ እርዳታ ቡድን አንደኛ ተመራጭ ሆነች፤ ጓደኛዋ ቀረች። መምህሩ ስም ዝርዝሩን የሚለጥፈው ነገ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ምስር የምታክል ጠጠር በትንሽ ብልቃጥ ይዛ መጣች። «ይኸው እንግዳችሁ! ከግራ ነው የወጣው።»

ክብሪት እንባዋ መጣ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ። ለዶክተሩም ንገሪልኝ። እየጮህኩበት እንኳ አስተማረኝ።»

አባቷ ገና እያንቀላፋ ግራ እጁን ዘረጋላት። ያዘችው።

«አባ፣ ነገ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ትምህርት ቤት መግባት አለብኝ።»

«ምነው፣ ማንን ልትጣዪ ነው ደግሞ?»

«ማንንም» አለች። «መምህሩ ዝርዝሩን ሳይለጥፍ የማስተካክለው አለኝ። ከዚያ በፊት ግን በጓደኛዬ ቤት በኩል አልፋለሁ።»