ግድግዳው ላይ የቀረው ማስታወቂያ

«ቆጣሪ ከማንበብ ሌላ ምን ሥራ ይችላሉ?»

ጥያቄው ይህ ብቻ ነበር። ጠያቂዋ ከሥራና ሠራተኛ ጽሕፈት ቤት የመጣች ወጣት ባለሙያ ናት፤ ቅጿን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። ተጠያቂዋ ደግሞ በውሃ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቆጣሪ ስታነብ የኖረች፣ ሁለት ሴት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ናት። ባልደረቦቿ እትዬ ይሏታል፤ እኛም እትዬ እንበላት። እትዬ ጥያቄውን ስትሰማ የቦርሳዋን ማንገቻ ጠመዘዘች፤ ጣሪያውን አየች፤ መሬቱን አየች።

«ምንም» አለች።

ባለሙያዋ አንዲት አጭር ቃል ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈች እትዬ አላወቀችም፤ ቁጥር እንጂ ፊደል አታውቅም ነበርና።

ይህ ያስገርም ይሆናል። ቆጣሪ የሚያነብ ሰው ግን የሚበቃው ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ነው። ጠዋት ቦርሳውን ያነግታል፤ በር ያንኳኳል፤ ውሻ ያስይዛል፤ የቆጣሪውን ክዳን ከፍቶ በጨርቅ ይወለውልና ቁጥሩን ይገለብጣል። አሥራ ሁለቱ አንባቢዎች በዚህ ዓይነት ከተማውን በየወሩ ያዳርሱታል። ከሁሉም የሚፈጥነው መብረቅ የሚሉት ሰው ነው። ሌላው በቀን ሰማንያ በር ካንኳኳ ተመስገን ሲል፣ እሱ መቶ ሃያ ያንኳኳል። አፉም እንደ እግሩ ነው።

«ሰማችሁ?» አላቸው የዚያን ዕለት፣ ባለሙያዋ ስትወጣ። «ቁጥሩን ራሱ የሚልክ ቆጣሪ ሊመጣ ነው አሉ። ይምጣ። መጀመሪያ ያ ሁላችንንም የነከሰን የጡረተኛው ውሻ አንዴ ይቅመሰውና እንተያያለን።»

ሳቁ። እትዬም ሳቀች። እሷ ግን ደመና ባየች ቁጥር ጎርፍ የሚታያት ሴት ናት።

በሳምንቱ ከሥራ መግቢያ መቆጣጠሪያ መዝገቡ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ባለ ሁለት ገጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሠራተኞቹ እንደ ልማዳቸው ወደ መብረቅ ዞሩ። ፊርማው እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ ስለነበር የተማረ ነው ይሉታል፤ ወረቀት ሲመጣም የሚያነብላቸው እሱ ነው። መብረቅ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ዐይኑ ከላይ እስከ ታች ወረደ።

«ስለ መጸዳጃ ቤት ንጽሕና ነው» አለ።

«ሁለት ገጽ ሙሉ?» አለች እትዬ።

«አለቃ መጻፍ ከጀመረ መች ይጠግባል? ውሃ የምናዳርሰው እኛ፣ ውሃ ድፉ የምንባለውም እኛ።»

እየሳቁ ተበተኑ።

በዚያው ሰሞን እትዬ እሁድ እሁድ የጎልማሶች ማንበብና መጻፍ ትምህርት ጀመረች። «ምንም» ያለችው ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶባት ነበር። ማታ ማታ ታናሽ ልጇ ደብተሯን ታርምላታለች። «እማ፣ ይቺ ፊደል እግሯ ተሰብሯል» ስትላት፣ እትዬ ትደልዝና እንደገና ትጽፋለች።

በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት ቀድማ ገባች። መዝገቡ ላይ ስሟን ጽፋ ቀና ስትል ማስታወቂያው ፊት ለፊቷ ነው። ጠርዙ ተቀዷል፤ ቀለሙ ወይቧል። ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳርፋ ጀመረች። ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ስለ መጸዳጃ ቤት አንድም ቃል የለውም። በሦስት ዓመት ውስጥ ቁጥራቸውን ራሳቸው የሚልኩ ቆጣሪዎች እንደሚተከሉ፣ የቆጣሪ አንባቢ የሥራ መደብ እንደሚታጠፍ፣ ለሌላ ሥራ መሠልጠን የሚፈልግ ሠራተኛ በአንድ ወር ውስጥ እንዲመዘገብ ይላል። ወሩ ካለፈ አራት ወር ሆኖታል።

ጣቷን ከወረቀቱ ላይ ስታነሣ ሌላው ነገር ገባት። መብረቅም ማንበብ አይችልም።

ከሥራ መልስ ለብቻው ጠራችው።

«ወንድሜ፣ ያ ወረቀት ስለ መጸዳጃ ቤት አይደለም።»

መብረቅ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመረ። «መነጽሬን አልያዝኩም ነበር» አለ።

መብረቅን በመነጽር ያየው ሰው የለም።

«እሁድ እሁድ የምማርበት ቦታ አለ። ማንም አይስቅብህም። እኔን እንኳ አልሳቁብኝም።»

«ተይኝ እትዬ። በዚህ ዕድሜዬ የልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ሀ ሁ ልበል? መቶ ሃያ በር የሚያንኳኳ ሰው ማን ያባርረዋል?»

እትዬ በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራውን የሠራ መስሎት የተቀመጠ ሰው ነው።

«ማስታወቂያው አምስት ወር ሙሉ ተለጥፏል» አላት። «ሥልጠናው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በነጻ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰው አንድ እንኳ አልተመዘገበም። መንግሥት የድርሻውን ተወጥቷል፤ ሠራተኛው ካልፈለገ በገመድ አንጎትተው።»

«አለቃ፣ ወረቀቱን የለጠፋችሁት ለማን ነው?»

«ለሠራተኛው ነዋ።»

«ሠራተኛው እኔ ነኝ። ስቀጠር በአውራ ጣቴ ነው የፈረምኩት፤ ፋይሌ ውስጥ አለ። ፊደል እንደማላውቅ መሥሪያ ቤቱ ያውቃል። ደግሞ በአሥራ ሁለት ሰዓት እኔ ለልጆቼ እራት እሠራለሁ። የምሽት ሥልጠና ምሽቱ የራሱ ለሆነ ሰው ነው።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አንቺ ባታነቢ መብረቅ ያነብላችሁ የለም እንዴ?»

ለእትዬ ሰው ማሳጣት አልሆነላትም።

«መነጽሩን አልያዘም ነበር» አለች።

ኃላፊው ባለሙያዋን አስጠራት። ባለሙያዋ አሮጌውን ቅጽ ይዛ መጣች፤ ከእትዬ ስም ፊት «የለም» ይላል። እትዬ አሁን አነበበችው። ባለሙያዋ አፍራ፣ «ነገ አብሬዎት ልዙር» አለቻት።

በማግስቱ አብረው ዞሩ። ስምንተኛው ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም፤ ጎረቤት ነው የከፈተላቸው። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቷል፤ የቆጣሪዋ ትንሽ መዘውር ግን ቀስ እያለች ትዞራለች። እትዬ ከቦርሳዋ ረጅም ካቻቢቴ አወጣች። ጫፉን ቧንቧው ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ወደ አጥሩ አራት እርምጃ ሄዳ እንደገና ጎንበስ አለች።

«እዚህ ሥር ነው የሚያፈሰው» አለች።

«ይህን ማን አስተማረዎት?»

«ማን ያስተምረኛል? አሥራ አራት ዓመት ጆሮዬን ስደቅን የለመድኩት ነው።»

«ታዲያ ያኔ ስጠይቅዎት ለምን አልነገሩኝም?»

«የጠየቅሽኝ ስለ ሥራ ነዋ፣ ልጄ። ይሄ ሥራ መሆኑን ማን ነገረኝ?»

ባለሙያዋ እዚያው አጥሩ ሥር ቆማ ያንን «የለም» ሰረዘችው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተቀየረ። ሥልጠናው ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ በሥራ ሰዓት፣ ቧንቧ በሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ ሆነ። የሚያፈስ ቧንቧ በመሣሪያ መፈለግና ሪፖርት መጻፍ ያስተምሩ ጀመር። ማስታወቂያ ሁሉ ጠዋት ጮክ ተብሎ ይነበባል። የወሩ ንባብ አንድ ሳምንት ዘገየ፤ ከበላይ የቁጣ ደብዳቤ መጣ። ኃላፊው ግን፣ «ዛሬ አንድ ሳምንት ካልዘገየን ነገ አሥራ ሁለት ቤተሰብ እንበትናለን» ብሎ መለሰ።

አንድ ስሕተት ግን ተሠራ። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊው በቅንነት፣ «ማንበብ የማትችሉ እጃችሁን አውጡ፤ መምህር እናመጣለን» አለ። አራት እጆች ወጡ። እትዬ መብረቅን አየችው። መብረቅ መስኮቱን ያያል።

ሁለት ቀን መጣ። በሦስተኛው ቀን የሪፖርት ቅጽ ሲታደል ብድግ አለ።

«እናንተ ተማሩ። በሩን ሁሉ ማን ያንኳኳው?»

የሠልጣኞቹንም በሮች እየደረበ ያዳርስ ጀመር። ኃላፊው በስብሰባ አመሰገነው፤ አስጨበጨበለት። እትዬ አንድ ቀን እውነቱን ልትናገር እስከ ኃላፊው በር ደረሰች። የሰው ገመና ነው ብላ ተመለሰች።

ሦስት ዓመቱ ሞላ። ቆጣሪዎቹ መጡ፤ የጡረተኛው ውሻም ምንም አላላቸውም። ባለሙያዋ ልምዱን ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች ልትናገር ስለነበር እትዬን፣ «ምን ልበላቸው?» ብላ ጠየቀቻት። አሁን መልስ ነበራት።

«ማሽኑ ሳይመጣ ጠይቁ በያቸው። ሠራተኛው የሚያውቀውን ለማወቅ አብራችሁት ዙሩ። ወረቀት ለጥፋችሁ ነግረናል አትበሉ። ስታስተምሩ በሥራ ሰዓት አስተምሩ። ደግሞ ፊደል የማያውቅ እጁን ያውጣ አይባልም። ሰው ለብቻው፣ በክብር ይጠየቃል። ከሁሉ ጮሌው ነው እጁን የማያወጣው። እኔም አውቄ ሸፍኜዋለሁ። ደግነት መስሎኝ ነበር።»

በመጨረሻው ቀን መብረቅ ቦርሳውን ሊያስረክብ መጣ። የታሸገ ደብዳቤ ይዟል። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቆ ለእትዬ ዘረጋላት።

«መነጽሬን አልያዝኩም» አለ። «እስቲ አንብቢልኝ።»

እትዬ ጣቷን ሳትጠቀም፣ ሳትደናቀፍ አነበበችለት። ስላገለገለበት ዘመን ያመሰግነዋል፤ መደቡ መታጠፉን ይገልጻል። መብረቅ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ጥሩ ታነቢያለሽ» አላት፤ ደብዳቤውንም አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከአሥራ ሁለቱ አንባቢዎች ዘጠኙ የሚያፈስ ቧንቧ ፈላጊዎች ሆነው ቀሩ። ሁለቱ ጡረታቸው ደርሶ ወጡ። በቀን መቶ ሃያ በር ያንኳኳ የነበረው መብረቅ ሄደ። እትዬ ቀረች።