ጥምጣም ላይ የወጣች ቆቅ

«አጥፊያት!» አሉ ርዕሰ መምህር ይግዛው፣ ጣታቸውን ወደ ኮምፒዩተሩ ቀስረው።

ኮምፒዩተሩ ላይ ቄስ ገብረ አምላክ ይታያሉ። ነጭ ጥምጣማቸው ላይ በእጅ የተሳለች ቆቅ ቁጢጥ ብላለች። ቄሱ ራሳቸውን ሲያዘነብሉ አብራ ታዘነብላለች፤ ሲራመዱ አብራ ትሄዳለች። ቆቋን የሳለቻት እማዋይሽ ናት፤ ቄሱም አባቷ ናቸው።

ፊልሙ የትምህርት ቤቱ አዲስ ቤተ መጻሕፍት ሲመረቅ የተቀረፀ ነው። እሑድ፣ በወላጆች ቀን፣ ሊታይ ሦስት ቀን ቀርቶታል። የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ሥራውን የጣለው እማዋይሽና ሰጠኝ ላይ ነው። የሰጠኝ ወንድም ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ስላለው፣ ሰጠኝ ኮምፒዩተር ከደብተሩ የበለጠ ያውቃል። እሷ ዘጠና ስድስት ቆቅ ሳለች፤ አንዷ ከሌላዋ በጥቂቱ ብቻ የምትለይ። እሱ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንስቶ አስገባ። ከዚያ ለፕሮግራሙ የጥምጣሙን ጫፍ አሳዩት፤ ፕሮግራሙ ያንን ነጥብ በየምስሉ እየተከተለ ቆቋን ይዟት ይሄዳል።

ችግሩ፣ የዚያን ቀን ለቡራኬ የመጡት ካህናት አምስት መሆናቸው ነው። አምስቱም ነጭ ጥምጣም ጠምጥመዋል። ካህናቱ ጎን ለጎን ሲተላለፉ ፕሮግራሙ ተምታታበትና ቆቋን ከእማዋይሽ አባት ላይ አንስቶ ከአምስቱ አንዱ በሆኑት መሪጌታ አናት ላይ ዱብ አደረጋት። ሰጠኝ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። «ቆይ ላስተካክለው» ሲል ግን እማዋይሽ እጁን ያዘችው። ክንፏን የዘረጋች ቆቅ ሌላ ስድስት ወረቀት ላይ ሳለችና ስሕተቱን በረራ አደረገችው።

«ይሄ በካህናት ማላገጥ ነው» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ቢያንስ እንኳ ርግብ ብትሆን...»

«ርግብማ ይብሳል፣ መምህር። መንፈስ ቅዱስ ወረደባቸው ልንል ነው?»

የቄስ ልጅ መሆን አንዳንዴ ይጠቅማል። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያው ትቆይ፤ ያንቺ ስም ግን ከፊልሙ ይውጣ። ሥዕሉን የሳለው ሰጠኝ ነው ተብሎ ይጻፍ። የቄስ ልጅ በአባቷ ቀለደች ከሚባል ይሻላል። ላንቺው ብዬ ነው!»

እሳቸው ከወጡ በኋላ ሰጠኝ አንገቱን አከከ። «አቦ አታካብጂ! ዋናው መታየቱ አይደል?»

«አንተ ቆቅ መሳል ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ዝም በል!»

ተናዳለች። ሆኖም አባቷ ነገሩን ከሰው አፍ እንዲሰሙት አልፈለገችም። ሄዳ ራሷ ጠርታቸው መጣች።

ቄስ ገብረ አምላክ ጭራቸውን እንደያዙ ቆመው አዩ። «ድገመው» አሉት ሰጠኝን። ደገመው። ፊታቸው ላይ ሳቅም ቁጣም የለም።

«ለምን ከእኔ ላይ ተነሥታ ሄደች?»

«ኮምፒዩተሩ ጥምጣም ከጥምጣም መለየት አቅቶት ነው፣ አባ።»

«ሰው ግን ይለየኛል። ገበያ በወጣሁ ቁጥር ‹ቆቅ የተሸከሙት ቄስ› ሊሉኝ ነው።»

«ይበሉ!»

ቃሉ አምልጧት ነው። አባቷ ሳይቆጧት በፊት ሆዷ ውስጥ የከረመውን አወጣችው።

«በምረቃው ቀን እኛን ሴቶቹን ከሁሉም ኋላ ነው ያቆሙን። ጭብጨባ ሰማን እንጂ አንድ መጽሐፍ እንኳ አላየንም። አባ፣ በጣም ነው የከፋኝ! ቆቋ እንኳ ከፍ ካለ ቦታ ሆና ትይልኝ አልኩ። ከእርስዎ ራስ የበለጠ ከፍ ያለ ቦታ አላገኘሁም።»

ቄሱ ጭራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አጥፊያትም፣ ተያትም አልልሽም። ብቻ ስምሽን ስትጽፊ የኔም አብሮ ነው የሚጻፈው። እሱን አስቢበት» ብለው ወጡ።

ሰጠኝ የፊልሙን መጨረሻ ከፈተ። «እና? የማንን ስም ልጻፍ?»

እማዋይሽ ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገች «ሥዕል፦ እማዋይሽ» ብላ ጻፈች። እጇ ቆመ። እዚህ ላይ ብትተወው ማንም ምንም አይላትም፤ ከተማው ውስጥ እማዋይሽ ሞልቷል። ትንሽ ቆይታ «ገብረ አምላክ» ብላ ጨመረችበት።

«ፊደሉን አተልቀው» አለችው ሰጠኝን።