የዓርብ ስጎ

ደበበ ዓርብ ለምሳ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ባለው ምግብ ቤቱ፣ የፓስታ ሳህኑ ላይ ተደፍቶ ሞተ። ኢንስፔክተር ሙና ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ወጥ ቤት ውስጥ ግን የሥጋ ስጎው ከማለዳ እንደተጣደ በዝግታ ይንተከተካል። ኮንስታብል ዳባ ሊያወርደው ቢጠጋ ወጥ ሠሪዋ ብርሃንነሽ በማማሰያ መለሰችው።

«እኔን ውሰዱ። ስጎው ግን ከእሳት አይወርድም።»

ጣት ሁሉ የተቀሰረው እሷ ላይ ነው። ሟች ሚስትም ልጅም ስለሌለው ቤቱን ለእሷ ሊያወርስ ለሽማግሌ ተናግሯል። ገንዘብ ተቀባይዋ አልማዝ «ለመውረስ ቸኮለች» አለች። ከሸቤ የመጣው የሟች ወንድም ሣህሉ ግን አብሮት ገበታ ላይ ስለነበር ብዙ የሚናገረው አለው።

«ወንድሜ ጨው እንኳ አልነካም፣ ኢንስፔክተር። አንዴ ጎርሶ ‹ብርሃንነሽ ጨው ስታውቅበት› አለ። ከዚያ ተደፋ።»

ሙና ጠረጴዛውን አየች። ሳህኑም ሹካውም እንደቆሸሸ ነው፤ የጨው ዕቃው ብቻ ታጥቦ ውሃ ያንጠባጥባል። ጓሮ ቦዩ አጠገብ አንዲት ዶሮ ሞታለች። ሙና ከድስቱ ያስጨለፈችለት ውሻ ግን ጅራቱን እየቆላ ድጋሚ ይጠብቃል። እሷ ራሷ የክርስቲያን እርድ አትቀምስም፤ ከውሻው ሌላ ቀማሽ አልተገኘም።

«እትዬ ብርሃንነሽ፣ ዛሬ ቀምሰውታል?»

«በዓርብ ሥጋ? ጠይቂኝ እንጂ አትስደቢኝ።»

«ታዲያ ጨዉን በምን ይመጥናሉ?»

«አልመጥንማ። ረቡዕና ዓርብ ጨው አላደርግበትም። ጾም የማይገደው ራሱ ይነስንስ።»

ሙና ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች።

«መርዙ ድስቱ ውስጥ ቢሆን ውሻው ይሞት ነበር። የነበረው ጨዉ ውስጥ ነው፤ ዕቃው ጓሮ ሲታጠብ እጣቢው ዶሮዋን ገደለ። አቶ ሣህሉ፣ ወንድምዎ ጨው ካልነካ፣ ጨው የሌለውን ስጎ በጨዉ ልክ እንዴት አመሰገነው? አልማዝ ብትሆን ይህን አትስትም፤ የዓርቡን ጨው ጠረጴዛ ላይ የምትደረድረው እሷ ናት። ለዚህ ወጥ ቤት እንግዳው እርስዎ ብቻ ነዎት። እሱ ሞቶ ብርሃንነሽ ስትታሰር፣ ቤቱ የማን ነበር?»

ሣህሉ በሩን አየ። በሩ ላይ ዳባ ቆሟል።

«ያባቴን ልጅ ቤት ለወጥ ሠሪ?» አለ።

ወስደውት ሲሄዱ ዳባ ተመልሶ ድስቱን አየ። አሁንስ ላውርደው ብሎ ጠየቀ።

ብርሃንነሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ማማሰያውን አነሣች።

«አትንካው። ለለቀስተኛው ነው። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ቀምሼ ጨው አደርግበታለሁ።»