ቆርቆሮ ቤት የከረሙ ሞተሮች

«አስቀምጪው ብያለሁ» አሉ አያቷ ኦፓል፣ ባልዲውን ከበረንዳው ደረጃ ሥር እያሳረፉ። ውሃው ከአፉ ተርፎ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ።

ማርጎ አላስቀመጠችም። ጀርባዋን ለጓሮው ቆርቆሮ መጋዘን በር ሰጥታ፣ በጥር የሞቱትን የወንድ አያቷን የሎይድን የሲጋራ ሣጥን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። ሣጥኑ ውስጥ ለመዝናኛ ወደ ሰማይ የሚተኮሱ የሞዴል ሮኬቶች ሞተሮች አሉ፤ ዐሥራ አንድ ናቸው። እያንዳንዱ አውራ ጣት የሚያክል የወፍራም ወረቀት ቱቦ ነው፤ ሆዱ በባሩድ የተጠቀጠቀ፣ ጎኑ ላይ የተሠራበት ቀን በቀይ የታተመበት። ሎይድ ከተዘጋ ሱቅ መደርደሪያ፣ ከሞተ ሰው ጓዳ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ለቅመዋቸዋል። አንዱንም አልተኮሱም። የሰብሳቢ ደንቡ ይኸው ነው፤ የተተኮሰ ሞተር ባዶ ቀፎ ነው፣ ያልተተኮሰ ግን ዘመኑን እንደያዘ ይኖራል።

ኦፓል ደንቡን አርባ ዓመት ሰምተውታል። እሳቸው የሚያውቁት ግን ሌላ ነው። ባሩድ ባሩድ ነው፤ እሳትም ትልቅ ትንሽ አይልም። ሞተር ውሃ ውስጥ ሲያድር ወረቀቱ ይፈታል፣ ባሩዱ ጭቃ ይሆናል፤ ሎይድ የነበሩበት የሮኬት ክለብ ራሱ የተበላሸውን የሚያስወግደው እንዲሁ ነው። ታዲያ ምን ይጠበቃል?

«እናትሽ የጭነት መኪናዋን ነድታ ስትመለስ ልጄ የታለች ብትለኝ ምን ልላት ነው?» አሉ። «ተቃጠለች ልበላት?»

«ውሃ ውስጥ አይገቡም፣ አያቴ። እኔ እያለሁ አይገቡም።»

ኦፓል እስከ ከሰዓት ጊዜ ሰጧት። ማርጎ ተጨማሪ ጊዜ አልለመነችም፤ ሣጥኑን ብስክሌቷ ላይ አስራ ወጣች።

የወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የከብት ሜዳ በዚያ ቀን የክለቡ ነው። ለሎይድ መታሰቢያ፣ በእጃቸው የሠሩት ሰማያዊ ሮኬት ሊተኮስ ተዘጋጅቷል። የክፍል ጓደኛዋ ዴክስ መንገድ ላይ ጠበቃት። ስለ ባልዲው ስትነግረው ብዙም አላዘነም።

«አቦ፣ ከሰመጡ አይቀር አንዱ እንኳ ይብረር» አላት። «ዕድሜ ልክ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ምን ይሠራል? ሙዚየም ነው እንዴ?»

ማርጎ እሺም እምቢም አላለችም። ዴክስ እሺታ አድርጎ ወሰደው። ከሣጥኑ ውስጥ «1964» የሚል የታተመበትን መረጠና የወረቀት ፕላስተር ጠቀለለበት። ሞተር ሮኬቱ ውስጥ እንዳይላላ ሁሉም ሰው ፕላስተር ስለሚጠቀልል ማንም ልብ አይልም። ክለቡ አሮጌ ሞተር አያስተኩስም፤ ቀዩ ማኅተም ግን ከሥሩ ተሸፈነ።

ከመተኮሱ በፊት ሮኬቱን ሁሉ የሚመረምሩት የክለቡ የጥንቃቄ ኃላፊ ሚስተር ባርገር ናቸው። ዴክስ ዓይናቸውን እያየ፣ ሞተሩ ዘንድሮ የተገዛ ነው አላቸው። ሽማግሌው ወደ ማርጎ ዞሩ። ማርጎ የጫማዋን ክር አየች። ዝም ማለቷ እንደ መሐላ ተቆጠረላትና ሮኬቱ አለፈ።

ዴክስ ወደ ማስነሻው ሲሄድ፣ ሚስተር ባርገር ቺሊ የሚባለውን የቦሎቄና የሥጋ ወጣቸውን በቀረፋ ዳቦ እያጠቀሱ ሣጥኑን በዓይናቸው ዳሰሱ። ሰብሳቢ ከዕድሜው ይልቅ የተቀመጠበትን ያያልና ስንት ዓመታቸው ነው ብለው አልጠየቁም።

«የት ነበር የሚያድሩት?»

«ጓሮ፣ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ማርጎ አሰበች። እሷ ከአያቶቿ ጋር ልትኖር የመጣች ዕለት ነው፤ ኦፓል ሣጥኑን ከቤት አስወጥተው መጋዘን ያስገቡት ያን ጊዜ ነው። ዘጠኝ ዓመት።

ሽማግሌው ዳቦአቸውን አስቀመጡ። በጋ ቆርቆሮው እንደ ምድጃ ይግላል፣ በብርድ ወራት ውሃ እስኪያረጋ ይቀዘቅዛል፤ ባሩዱ ሲያብጥ ሲኮማተር ከወረቀቱ ይላቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ከተለኮሰ እሳቱ በጎኑ ሁሉ ይገባና በአንዴ ይፈነዳል ብለው አስረዷት። «ቁም ሣጥን ውስጥ ያረጀ ሞተር ሽማግሌ ነው፣ ልጄ። ቆርቆሮ ቤት ያረጀ ግን ቦምብ ነው።»

ከሜዳው «አምስት... አራት...» የሚል የዴክስ ድምፅ መጣ። ትንንሽ ልጆች ሣሩ ላይ ተቀምጠው አብረውት ይቆጥራሉ።

ማርጎ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። የዴክስ ጣት አዝራሩ ላይ ነበር። ካልተሰካ ሮኬቱ የማይነሣበትን ቁልፍ ከማስነሻው ሣጥን ላይ ነቅላ ጨበጠችው። ቆጠራው ተቋረጠ።

«ምን ሆነሻል? ፈሪ!»

«ፈሪ በለኝ» አለች ማርጎ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ «የስልሳ አራት ሞተር ነው። ማኅተሙ ፕላስተሩ ሥር አለ። እኔም እያወቅሁ ዝም ብያለሁ» አለች።

ሚስተር ባርገር ፕላስተሩን ላጡት። ሁለቱም እስከ ፀደይ እንዳይተኩሱ ተከለከሉ። ዴክስ ብስክሌቱን አንስቶ ሳያናግራት ሄደ። ሽማግሌው ሞተሩን ሲመልሱላት፣ ሞተሮቹ ማንም እስካልለኮሳቸው ድረስ ጉዳት እንደሌላቸው ነገሯት፤ የምታስቀምጪያቸው ከሆነ ግን የት እንዳደሩ ጻፊባቸው፣ ነገ ሌላ ሰው እጅ ይገባሉና፣ አሏት።

ቤት ስትደርስ ኦፓል ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር። ማርጎ በአጠገባቸው አልፋ ገባች። አያቷ «አንቺ ልጅ፣ ወዴት? ወደ ቤት? ጭራሽ ወደ መኝታሽ?» እያሉ እግር በእግር ተከተሏት። ሣጥኑን አልጋዋ ላይ አኖረች፤ የሆነውን ሁሉ፣ የራሷን ዝምታ ጨምራ፣ ነገረቻቸው። ሞተሮቹን ያበላሸው መጋዘኑ መሆኑንም አልደበቀችም።

ኦፓል የአልጋውን ጠርዝ ይዘው ተቀመጡ። ሣጥኑን ወደ መጋዘን ሲያስወጡ ማርጎ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ያገኘችውን ሁሉ ትነካካ ነበር። ቤት ውስጥ ክብሪት እንኳ ደብቀው ነበር።

ማርጎ ትንንሽ ካርዶች አውጥታ መጻፍ ጀመረች።

«እኔ እንዳበላሸኋቸው ልትጽፊ ነው?» አሉ ኦፓል።

«ያደሩበትን ነው የምጽፈው። ቆርቆሮ መጋዘን፣ ዘጠኝ ዓመት። አይለኮስም።»

«ከጻፍሽ አይቀር» አሉ ኦፓል፣ «ለምን እንደወጡም ጻፊ።»

ማርጎ ካርዱን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ «ቤቱ ውስጥ ሕፃን ስለነበረች» ብላ ጻፈችና ለሁለተኛው ካርድም፣ ለሦስተኛውም ደገመችው። ዐሥራ አንዱን ጨርሳ ሣጥኑን ከአልጋዋ ራስጌ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።

አያቷ ሣጥኑን አዩት፣ እሷን አዩ። እሺ አላሉም።

«እንግዲያው በሩን ከፍተሽ ትተኛለሽ፣ አንድ ነገር ቢሆን እንድደርስልሽ» አሉ።

ይህን አልተከራከረችም። ተነሥታ በሩን እስከ ግድግዳው ድረስ ገፋችው።