ያበጠው መስታወት

በአዝመራን መንግሥት ከግንቡ ጫፍ የተተከለ፣ ከተራሮች ማዶ ያለውን ጠላት የሚያሳይ ምትሐተኛ መስታወት ነበር። አንድ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ቀጥ ያሉት ተራሮች በመስታወቱ ውስጥ እንደ ቀስት ጎብጠው ታዩ። ሕዝቡ በክፉው ምልክት ተርበደበደ። መስታወት ወልዋይዋ ሐመልማል ግን ወጥታ በመዳፏ ዳሰሰችው። መሐሉ አብጧል።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይህ የእኛ አይደለም፤ ተለውጧል» አለች። «ያበጠ መስታወት ሁሉን ያሳንሳል፤ ቅርቡን ሩቅ ያስመስላል። ሳምንት ይቀረዋል ያልነው ጦር በሦስት ቀን ይደርስብናል።»

ንጉሡ ፊቱ ዳመነ። «ሠራዊታችን የሚበቃው ለአንድ የተራራ በር ብቻ ነው። ጠላት ከሦስቱ በየትኛው እንደሚመጣ የሚያሳየንን እውነተኛውን መስታወት ማን ያመጣልናል?»

«በአባቴ አጥንት እምላለሁ፤ ሳልይዘው አልመለስም!» አለች ሐመልማል።

አብሮ አደጓ ጦረኛው ዋርካው ጦሩን አንስቶ ከጎኗ ቆመ።

መስታወቱን የለወጠውን ሌባ ዱካ ተከትለው በማግስቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጨለምት የተባለ የጠላት አውሬ ወደሚኖርበት ዋሻ ደረሱ። የዋሻው ግድግዳ እንደ ገበቴ የጎደጎደ፣ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ነበር። በውስጡ ምስላቸው ቁልቁል ተዘቅዝቆ ታያቸው። መስታወቱ ከግድግዳው ሥር ተጋድሟል። ሊያነሱት ሲጠጉ ግድግዳውን የሞላ ግዙፍ አውሬ ብቅ አለ። ዋርካው ጦሩን ወረወረ፤ ጦሩ ድንጋዩን መትቶ ተሰበረ።

«ምስሉን ነው የወጋኸው! ከኋላህ ነው!» ስትል ሐመልማል ጮኸች።

ከጥጃ የማይበልጠው ጨለምት ዘሎ ጎኑን ዘነጠለው።

በዋሻው አፍ የገባው የፀሐይ ብርሃን ከጎድጓዳው ግድግዳ ተመልሶ አንድ ቦታ ላይ ሲሰበሰብ ሐመልማል አየች። እዚያ ያለው መሬት ከስሎ ይጨሳል።

«ወደዚያ ግፋው!»

ዋርካው የአውሬውን አንገት አንቆ እየጎተተ ወደሚጨሰው ቦታ ገባ። አውሬው አጓራ።

«በቃ ልቀቀው፣ ዋርካው!»

«ከለቀቅሁት ያመልጣል! አንቺ ሂጂ! አገር ይጠብቅሻል!»

ሁለቱም አብረው ነደዱ። ሐመልማል እያለቀሰች መስታወቱን አዝላ ወጣች።

መስታወቱ ግንቡ ላይ ሲተከል የጠላት ጦር ወደ ሰሜኑ በር ሲያመራ አሳየ። ሠራዊቱ ቀድሞ ደርሶ መንገዱን ዘጋ፤ አዝመራን ዳነች። ነጋሪት ሲጎሰም፣ ከተማው በእልልታ ሲናወጥ፣ ሐመልማል ወደ ዋርካው እናት ቤት አዘገመች።

እናቲቱ በሩን ከፍታ ከኋላዋ ሰው ፈለገች። መንገዱ ባዶ ነው።

«ብቻሽን ነሽ?»

ሐመልማል አንገቷን ደፋች።

አሮጊቷ መቃኑን ጨብጣ ያዘች። ከዚያ ከደጃፉ ዞር አለችላት።

«ግቢ፣ ልጄ። እግርሽ ደምቷል፤ ልጠብልሽ።»