መቶ ስልሳ ቮልት

ማዳም ሲራኑሽ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አፉ ላይ የከንፈር ቀለም፣ ግርጌው ላይ የደረቀ የእርጎ ጭጋግ። የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያጠበው ብርጭቆ ነው።

«እንግዲህ ልትጠግኚው ስትመጪ ይኸው ሦስተኛሽ ነው» አሉ። «መጀመሪያ ወንፊቱ ነው አልሽ። ቀጥሎ ውሃው ነው አልሽ። ዛሬስ ማን ላይ ልታላክኪ ነው? እኔ ላይ?»

አራክሲ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስታ በብርሃን አየችው።

ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር ውስጥ ማሽን ጠጋኝ ሞልቷል፤ ሴት ጠጋኝ ግን እሷ ብቻ ናት። ማንም አላስተማራትም። አባቷ ሲሞት ከድልድዩ ማዶ ያለች ጠባብ ሱቅና የተበታተነ ብረት ትቶላት ሄደ። እየፈታች፣ እየገጠመች፣ ሳይገጥምላት ሲቀር እየተሳደበች ለመደችው። ያልቻለችውን አልቻልኩም ለማለት አታፍርም። የሠራችውን ግን አልተሠራም ሲሏት ደሟ ይፈላል።

ይህን ማሽን ደግሞ ሠርታዋለች። ወንፊቱን አጥባለች። ውሃ የሚረጨውን ክንፍ ቀዳዳ በቀዳዳ በመርፌ ጠርጋለች። የቦቴው ውሃ የባሕር ጨው የቀላቀለ ስለሆነ የማሽኑን ውሃ ማለስለሻ ሞልታለች። አልሆን ሲላት ሱቋ ድረስ አሸክማ ወስዳ ቅባት የጠገበ ትሪ ሰጠችው፤ እንደ መስታወት አድርጎ አወጣው። ወደ ማዳም ሲራኑሽ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲመለስ ግን ያው በሽታው ተነሣ።

«ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ምሳ እኔ ቤት ናቸው» አሉ ማዳም። «ዕቃው እንዲህ ከወጣ ስምሽን እንዴት አድርጌ እንደማነሳው አንቺው ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። በማግስቱ እሁድ ደግሞ የወዳጇ የጂራይር አባት ሽማግሌዎች ይዘው የጋብቻ ቃል ሊያስሩ ቤቷ ሊመጡ ነው። አባትየው፣ ሰፈሩ ‹አሞ› ወይም አጎት ክሪኮር የሚላቸው፣ የሰፈሩን ጄኔሬተር የሚያንቀሳቅሱ ሰው ናቸው፤ ግማሹ ቡርጅ ሐሙድ መብራት የሚያገኘው ከእሳቸው ነው። «ማሽን ጠጋኝ ምራት!» ብለው ስቀው ነበር መጀመሪያ። ቀጥለውም «ይሁን፤ ሙያዋ የተመሰገነ ከሆነ» አሉ። ቅዳሜ የሚነሣ ስም እሁድ ሳይደርስ አይቀርም።

ከጂራይር ጋር የተዋወቁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። እሱ መሰላል ላይ ቆሞ የአባቱን የመብራት መስመር ሲቀጥል ፒንሳ አመለጠው፤ ከእግሯ አንድ ስንዝር ርቆ ወደቀ።

«ልትገድለኝ ነው?» አለችው ሽቅብ።

«ብገድልሽ ማን ያቀብለኛል?»

ፒንሳውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ መንገዷን ቀጠለች። በማግስቱ ሊጠይቃት ሱቅ መጣ። በሳልስቱም መጣ። ሦስት ወር አልመለሰችለትም፤ እሱም መጠየቁን አልተወም።

አሁን አራክሲ ካቻቢቴዋን አውጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ማሽኑን አስነሥታ መሐል ላይ ከፈተችው። ውሃው ለብ እንኳ በቅጡ አላለም። የማሞቂያውን ሽቦ በኤሌክትሪክ መለኪያዋ፣ በቴስተሩ ለካች፤ ደኅና ነው። ፓምፑ ደኅና ነው። ሁሉም ደኅና ነው። ሁሉም ደኅና ሆኖ ዕቃው ቆሻሻ ነው።

እኩለ ቀን ላይ በቀን አንዴ ብቅ የሚለው የመንግሥት መብራት መጣ።

የማሽኑ ድምፅ ተለወጠ። ሲያቃስት የነበረው ፓምፕ ጮኸ፤ ውሃው በሩን ከውስጥ ይደበድበው ጀመር። አራክሲ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ያንን ደካማ ድምፅ የእርጅና መስሏት ነበር። ቴስተሩን ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ውስጥ ሰካችው፤ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት። ሳትነቅለው ቁጭ ብላ ጠበቀች። የመንግሥቱ ሄዶ የጄኔሬተሩ ሲተካ ቁጥሩ ወረደ።

መቶ ስልሳ።

አምፖሉ አልደበዘዘም። የዘንድሮ አምፖል ደግሞ ምንም ብትሰጠው ያበራል። ፍሪጁ የራሱ ማስተካከያ አለው። ውሃ ማሞቅ ያለበት ይህ አሮጌ ማሽን ብቻ ነው እውነቱን የተናገረው። ሱቋ መብራት የሚያገኘው ከሌላ ሰው ጄኔሬተር ነው፤ እዚያ መዳኑ ለዚህ ነው።

«ምን አገኘሽ?» አሉ ማዳም ከበሩ።

አራክሲ ቴስተሩን ነቀለች። ይህ ፎቅ መብራት የሚያገኘው ከአሞ ክሪኮር ነው።

«ቅዳሜ እነግርዎታለሁ።»

በቀጥታ ወደ ጄኔሬተሩ ሄደች፤ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው። ጂራይር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ፤ ሲያያት ፊቱ በራ፤ ዓይኗን ሲያይ ጠፋ።

«መቶ ስልሳ» አለችው።

ምኑ ብሎ አልጠየቃትም። ያ ለእሷ በቂ ነበር።

«ማን ነው የሚቀንሰው?»

«አባቴ አዘዘኝ። ከሚችለው በላይ መስመር ቀጠለበት፤ ካልቀነስነው ሞተሩ ይቆማል። እስከ ክረምት ብቻ አለኝ።»

«ማን ነው የሚቀንሰው አልኩህ።»

«እኔ።»

ሞተሩ ከኋላቸው ያጓራል። አራክሲ ድምጿን አላነሣችም።

«ፓምፑን ስፈታ ባትሪ ይዘህ አብርተህልኛል።»

«አራክሲ...»

«ጣቴ ሲቆረጥ በመሐረብህ አሠርክልኝ። ‹ሞኝ ሆኜ ነው፣ አልገባኝም› ብዬ ሳለቅስ ‹ትደርሽበታለሽ ነፍሴ› አልከኝ። እያወቅህ!»

«ብናገር እሁድ አይኖርም» አለ። «አባቴን ታውቂዋለሽ። እሁድ እስኪያልፍ ብዬ ነው። ላንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ አትበለኝ። እሁድን የገዛኸው ስሜን ከፍለህ ነው።»

ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ ዘይት መሆኑን አይቶ መለሰው። ያ መመለስ ከምንም በላይ አሳዘናት፤ ቢሆንም አልራራችለትም።

«ቅዳሜ ምሳ ሳይቀርብ» አለችው። «ወይ አንተ ትናገራለህ ወይ እኔ። እኔ ከተናገርኩ ግን ከዚያ ወዲያ አላውቅህም።»

ሦስት ቀን አልደወለም። ስልኩን እያየች ሁለት ቶስተር አቃጠለች።

ቅዳሜ ሴቶቹ ሳሎን ተደርድረው ተቀምጠዋል። አራክሲ ወጥ ቤት ስትገባ ማሽኑ ፊት አሞ ክሪኮር ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጂራይር። ማዳም ሲራኑሽ ትዕግሥታቸው አልቆ ጠርተዋቸው ነው።

«እስቲ ወንድ ይየው ብዬ ነው» አሉ፣ ሳሎን እንዲሰማ አድርገው።

አሞ ክሪኮር በሩን ከፍተው አንድ ሰሃን አወጡ። የስጎ ቀለበት ጠርዙ ላይ ደርቋል።

«ልጄ» አሉ በለዘበ ድምፅ፣ «አልቻልኩም ማለት እኮ ነውር የለውም። ነገ የእኛው ልጅ ትሆኛለሽ፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ብረት እጅሽን የሚያሳርርሽ ማን አለ?»

ሳሎን አንዲት ሴት ሳቀች። አራክሲ ቴስተሩን በጡጫዋ ጨብጣ ጂራይርን አየችው። እሱ የወለሉን ሸክላ ያያል። ከሸክላው ወደ አባቱ ጫማ፣ ከጫማው ተመልሶ ወደ ሸክላው። ከሚገባው በላይ ጠበቀችው። ከዚያ አንገቷን አቅንታ ወደ ግድግዳው ተራመደች።

አንድ እጅ ቀደማት። ቴስተሩን ከጡጫዋ ቀስ አድርጎ ወሰደና ሰካው።

«መቶ ስልሳ» አለ ጂራይር ጮክ ብሎ። «ሁለት መቶ ሃያ ነበር መሆን ያለበት። የምቀንሰው እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ። ዛሬ አሥራ ሰባት ቀኔ ነው። ማሽኑ ምንም አልሆነም። አራክሲም ምንም አላጠፋችም። እያወቅሁ ዝም ብያት ነው።»

ሴቶቹ ከሳሎን ተነሥተው ወደ ወጥ ቤቱ በር ተጠጉ።

አሞ ክሪኮር ሰሃኑን ቦታው መለሱ። «ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው ለነገ ሽማግሌ ራስህ ፈልግ።»

ወደ በሩ ሲያመሩ ማዳም ሲራኑሽ መንገዱን ይዘው ቆሙ።

«ክሪኮር፣ ሌላ ሞተር ታመጣለህ፣ ወይስ ሰፈሩን በሙሉ ይዤብህ ልምጣ? እነዚህ ሴቶች ሁሉ እኮ ቤታቸው ማሽን አለ። አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ይቺን ልጅ ስሰድብ አንተ ነበርክ ለካ!»

አሞ ክሪኮር በጎናቸው አልፈው ወጡ። ጂራይርም አራክሲን ሳያይ ተከተላቸው። እሷ ካቻቢቴዋን ሰብስባ በሌላው ደረጃ ወረደች።

እሁድ እናቷን «የብር ሰሃኑን አታውጪ» አለቻት። የተጋገረውን ጣፋጭ ለጎረቤት አከፋፈለች። የምትለብሰውን ቀሚስ አጥፋ መለሰችውና የሥራ ሱሪዋን ለበሰች። አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

ጂራይር ነው። ሸሚዙ በአንድ ጎን ብቻ ተተኩሷል። እጁ ባዶ ነው።

«ብቻህን ቃል አይታሰርም» አለችው፣ በሩን በግማሽ ይዛ። «ሽማግሌ ያስፈልጋል።»

«እየመጡ ነው።»

«የታሉ?»

ከደረጃው ሥር የሚያለከልክና የሚራገም ድምፅ ተሰማ። «አሳንሰር የሠራውም ያቆመውም አንድ ላይ ይውደሙ!»

«አባቴ ከጠዋት ጀምሮ ጄኔሬተሩን አጥፍቶታል» አለ ጂራይር። «ሞተር እየቀየረ ነው። እኔን ግን አያናግረኝም።»

ማዳም ሲራኑሽ የኮኛክ ጠርሙስ ብብታቸው ውስጥ ወትፈው፣ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸው ተንጋዶ ብቅ አሉ። ግድግዳውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ለአራክሲ እናት እንዲህ አሉ፦

«የዚህን ልጅ አባት ኩርፊያ ይዞታል። ስለዚህ ዛሬ አባቱ እኔ ነኝ። ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል። ቶሎ መልሱልኝ፤ ጉልበቴ ከእኔ ጋር አይደለም።»

እናቷ ወደ አራክሲ ዞረች። አራክሲ ጂራይርን አየችው። ዛሬ መሬት መሬት አላየም፤ ዓይኗን ነው የሚያየው፤ የሚፈራ ሰው ግን የማይሸሽ ሰው እንደሚያይ።

«ቃሌን እሰጣለሁ» አለች በመጨረሻ። «ይቅርታዬን ግን አልሰጠሁም። እሱን አሥራ ሰባት ቀን ትጠብቃለህ።»

«ከዛሬ ነው የሚቆጠረው ከነገ?»

«ከነገ» አለችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት።