ስድስት መቶ ካሬ

«በይ እንግዲህ ካልኩሌተር፣ የቱ ጋ ነው የምፈርመው?» አለ አጎቷ፣ እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አንስቶ። አናጢ ስለሆነ ጆሮው ላይ ሁሌም አንድ ነገር ሰክቶ ነው የሚውለው።

ልጅቷ በጣቷ አሳየችው። ወረቀቱን የጻፈችው እሷ ናት። እናቷና አጎቷ ከአባታቸው የወረሱትን 1.2 ሄክታር መሬት እኩል ሊካፈሉ ተስማምተዋል። «የወንድም ድርሻ 600 ካሬ ሜትር፤ የቀረው የእህት» ይላል ወረቀቱ። ስሌቱ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። እንዲያውም በሒሳብ የወደቀውን የአጎቷን ልጅ «አየህ፣ እንዲህ ነው የሚሠራው!» ብላ ጠዋት አብሽቃዋለች። እሱም በሩ ላይ ቆሞ እስካሁን እንዳኮረፈ ነው።

«ኧረ ፍጠኑ፣ የመሬት ቢሮው ሊዘጋ ነው» አለች እናቷ፣ ቦርሳዋን እያነገተች።

«ቆይ እስቲ፣ ስድስት መቶ ካሬ በዓይን ሲታይ ምን ያህላል? ወርክሾፔን ሠርቼ ለዛፍ የሚሆን ቦታ ይተርፈኛል?»

«ሞልቶ! ልክ እንደ ትምህርት ቤታችን ሜዳ...» ብላ ጀመረችና ቀጥ አለች።

የትምህርት ቤቱ ቡድን በረኛ ናትና ሜዳውን አሳምራ ታውቀዋለች። ቁመቱ መቶ ሜትር፣ ወርዱ ስድሳ። መቶ በስድሳ ግን ስድስት ሺህ ነው! ስድስት መቶማ እሷ የምትጠብቀውን የፍጹም ቅጣት ምት ክልል እንኳ አይሞላም። ሄክታሩን በአሥር ሺህ ማባዛት ሲገባት፣ ኪሎ ወደ ግራም የምትቀይር ይመስል በሺህ አባዝታዋለች።

ክው አለች። አጎቷ ከፈረመ፣ ከሚገባው ከአሥር እጅ አንዱን ብቻ ይዞ ሊቀር ነው። ከተናገረች ደግሞ ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ያደርጋታል። ጠዋት ምን አስለፈለፋት?

«ሜዳውን ካከለማ ይበቃኛል» አለ አጎቷ። «ግድ የለም፣ አንቺ ከጻፍሽው ለእኔ ያለቀ ነገር ነው።» ሊፈርም ጎንበስ አለ።

መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«አጎቴ፣ እንዳትፈርም። ተሳስቻለሁ።»

«ምን?» አለች እናቷ፣ ቦርሳዋን መልሳ እያስቀመጠች።

ልጅቷ ወረቀቱን ገለበጠችው። ጆሮዋ ድረስ ግሏል። በሩ ላይ የቆመው ልጅ ፈገግ ማለት ጀምሯል።

«ሳቅ፣ መብትህ ነው» አለችው፣ ከጎኗ ያለውን ወንበር እየሳበችለት። «ግን መጀመሪያ ናና አብረን እናስላው።»